መልስ፦ የብሌክ ጽጌረዳ ላይ ያለው ትል ምንድን ነው?

ሰላም! «የዊሊያም ብሌክ ግጥም ላይ ጽጌረዳዋን ያሳመማት ትል ምንን ይወክላል? መዝገበ ቃላት ባይም አልገባኝ አለ» ብለህ ለጠየቅከው፦

የእንግሊዛዊው ገጣሚ የብሌክ «የታመመችው ጽጌረዳ» እ.ኤ.አ. በ1794 የታተመች፣ ስምንት ስንኝ ብቻ ያላት ግጥም ናት። መዝገበ ቃላቱ ያልረዳህ የመጀመሪያውን ፍቺ ብቻ አይተህ ስለተውከው ይመስለኛል። እስከ ታች ውረድ። ግጥሙ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ቃል «ዎርም» ዛሬ ትል ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን እባብና ዘንዶንም ይጠሩበት ነበር። እባብ ካልን ደግሞ ኤደን ገነት ትዝ ይላል። ብሌክ መጽሐፍ ቅዱስን እንደ ውሃ የጠጣ ሰው ነው።

ለእኔ ግን ዋናዋ ቃል «ቤድ» ናት። ትሉ የጽጌረዳዋን «ቤድ» አገኘው ይላል። አልጋ ነው? የአበባ መደብ ነው? ሁለቱም! የኛው «መደብ» እኮ እንደዚያው ነው፤ ቤት ውስጥ ይተኛበታል፣ ጓሮ ውስጥ ጎመን ይበቅልበታል። እዚያው ላይ ግጥሙ የትሉን «ድብቅ ፍቅር» ሲጨምርበት ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባህ አይደል?

ደግሞ እንደ ሰምና ወርቅ አትፍታው። በቅኔ ወርቁ ሲገኝ ሰሙ ይቀልጣል። እዚህ ጽጌረዳዋ ጽጌረዳ ሆና ትቀራለች። «ትል ማለት ቅናት ነው» ብለህ ብቻ ከጻፍክ ግማሹን ጣልከው። ቅናትም፣ ምስጢርም፣ በሽታም ሊሆን ይችላል፤ የመረጥከውን ከስንኙ ቃል ጠቅሰህ አሳይ። ብሌክ ራሱ ለግጥሙ የሳለውን ስዕልም ፈልገህ እየው። ከአበባዋ ውስጥ የሰው ምስል ሲወጣ ይታያል።