መልስ፦ ስለ ክቡ የኦክ የምግብ ጠረጴዛ ዕድሜና ዋጋ

አሜሪካ ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ስለገዙት፣ በአንድ ወፍራም ምሰሶ ላይ ስለቆመው፣ ኦክ ከተባለው ጠንካራ እንጨት ስለተሠራው ክብ ጠረጴዛ ጠይቀዋል። እግሮቹ በአንበሳ መዳፍ አምሳል የተቀረጹ መሆናቸውን ስመለከት፣ ከ1890 እስከ 1920 እ.ኤ.አ. እንደ ሚሺጋኗ ግራንድ ራፒድስ ባሉ ከተሞች በፋብሪካ በብዛት ከተሠሩት ወገን ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ቅርጹ በኋላም ስለተቀዳ፣ ከመደምደምዎ በፊት ገልብጠው ሆዱን ይመልከቱ። የቪቶቹ ራስ ባለ መስቀል ከሆነ፣ እነዚህ ገበያ ላይ የዋሉት ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ ስለሆነ፣ ዕቃው ወይ ከዚያ በኋላ ተሠርቷል ወይ ተጠግኗል። ከዚያም ጠረጴዛውን መቀጠያ ሳንቃ ሳይገባበት እንደተዘጋ በሁለት አቅጣጫ በሜትር ይለኩት፤ ሳንቃ በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ስለሚሸማቀቅ፣ መቶ ዓመት የሞላው ክብ ገጽ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሚሊሜትር ሞላላ ሆኖ ይገኛል፤ ለማስመሰል አስቸጋሪ በመሆኑ እኔ ከሁሉ የማምነው ይህንን ምልክት ነው። በገጹ ላይ የሚያብረቀርቅ ዥንጉርጉር መስመር ከታየ ደግሞ፣ ግንዱ መጀመሪያ በአራት ተከፍሎ የተሰነጠቀ፣ በቀላሉ የማይጣመምና ውድ የነበረ እንጨት ነው፤ በስስ ልባጥ የተሸፈነ አለመሆኑን ግን ከጠርዙ ያረጋግጡ።

ለዋጋው፣ ሻጮች የሚጠሩትን ሳይሆን ተመሳሳዩ በጨረታ የተሸጠበትን ይያዙ፤ የከባድ አሮጌ የቤት ዕቃ ገበያ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀዝቅዟልና። የመጀመሪያዎቹ መቀጠያ ሳንቃዎች አብረው ካሉ ዋጋው ከፍ ይላል። ገማች ሳያየው ቫርኒሹን እንዳያስፍቁ አደራ።