ሜታኖሉን ያላጠብኩበት መስከረም

የጥምቀት ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ ልጅ የአዳራሹ በር ላይ ያዘኝ። እዚህ ሱ ፎልስ፣ ሳውዝ ዳኮታ፣ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ሥጋ ፋብሪካ የሌሊት ተረኛ ሆኖ ይሠራል። ባለፈው ሐምሌ አንድ እሁድ ማታ ብራንደን ወዳለው የመኪና ውድድር ሜዳ፣ ሁሴትስ ስፒድዌይ፣ ወስጄው ነበር። ስፕሪንት መኪና በአፈር ላይ ሲሮጥ ካየ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም።

«ጋሼ፣ አሁን ውድድር የለም፣ ሜዳውም በረዶ ለብሷል። ታዲያ እናንተ ይሄን ሁሉ ወር ጋራዥ ውስጥ ምን ትሠራላችሁ?» አለኝ።

ቀላል ጥያቄ ነው። ልመልስለት አፌን ስከፍት ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ለማንም ያልነገርኩት ነገር። «በኋላ እነግርሃለሁ» ብዬው ቡናዬን ሳልጨርስ ወደ ቤት ሄድኩ። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። በየጋራዡና በየፋብሪካው ያላችሁ ልጆችም ብታነቡት ደስ ይለኛል።

ተማሩ፣ ገንዘብ ቆጥቡ፣ መጠጥ አታብዙ አልላችሁም። እሱን እናቶቻችሁ በየሳምንቱ በስልክ ይነግሯችኋል።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ ልንገራችሁ። ስፕሪንት መኪና ትንሽ ናት። ከሹፌሯ ጋር ብትመዘን 650 ኪሎ ገደማ ነው። በትልቁ ክፍል የምትሮጠው ግን 410 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ነው ያላት፣ በእኛ አነጋገር 6.7 ሊትር መሆኑ ነው። 900 የፈረስ ጉልበት ያህል ያወጣል። አናቷ ላይ ያለው ሰፊ ክንፍ አፈሩ ላይ ተጭኖ ይይዛታል። ከኋላ የቀኝ ጎማዋ ከግራው ይበልጣል፣ ምክንያቱም የምትዞረው ወደ ግራ ብቻ ነው። ሞተሪኖ፣ ማስነሻ ማለት ነው፣ የላትም። ፍሪሲዮንና ካምቢዮም የላትም። ከኋላ ፒክአፕ ይገፋታል፣ ሹፌሩ የዘይቱ ግፊት ሲወጣ አይቶ ማብሪያውን ይከፍታል፣ ያኔ ትነሳለች።

ይሄን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ቀን እንባዬ መጣ። የፒያሳ ልጅ ነኝ። ጎረቤታችን አሮጌ ፊያት 600 ነበራቸው፣ ባትሪዋ ሞቶ ጠዋት ጠዋት የምንገፋት እኛ የሰፈር ልጆች ነበርን። ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ እሳቸው ማርሽ ያስገባሉ፣ እሷም ሁለት ጊዜ ትስልና ትነሳለች። እኛ በጭሱ ውስጥ እየጮህን እንሮጣለን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በኩሽኔታ የሠራናትን ጋሪ ይዘን እዚያው ቁልቁለት ላይ ነን። አሜሪካን ሀገር በቆሎ እርሻ መሀል፣ ስማቸውን በቅጡ መጥራት ከማልችል ሰዎች ጋር ቆሜ፣ መኪና በግፊ ሲነሳ ሳይ ሀገሬ የገባሁ መሰለኝ።

እንዲህ ነው የጀመርኩት። በሳምንቱ ቀናት የናፍጣ መኪና ጋራዥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ፣ እሁድ ማታ ሁሴትስ። የእኛ አካባቢ ቡድኖች ልማዳቸው አርብ ማታ ሚኒሶታ ጃክሰን፣ ቅዳሜ አዮዋ ኖክስቪል፣ እሁድ ሁሴትስ ነው። እኔን የእሁዱ ይመቸኝ ነበር። ደመወዝ የለውም። ሳንድዊችና ወዳጅነት ነው።

የመኪናዋ ባለቤት ሽማግሌ ሰው ነበር። ኑሮው የእህል ጎተራ ብየዳ ነው። ያለውን ሁሉ እዚህች መኪና ላይ ያፈሰሰ ሰው ነው። የሱ ፎልስ ተወላጅ የሆነውን ሹፌር ዳግ ዎልፍጋንግን እንደ ቅዱስ ነበር የሚያነሳው። ዎልፍጋንግ ትልቁን የስፕሪንት መኪና ውድድር፣ ኖክስቪል ናሽናልስን፣ አምስት ጊዜ አሸንፏል፣ የመጨረሻው በ1989 ነው። ሽማግሌው አምስቱንም እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣቸዋል። የእኔን ስም መጥራት አቅቶት አያውቅም። በዚያ ዘመን ይሄ ትልቅ ነገር ነበር።

አንድ ወንድ ልጅ ነበረው፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ። ዝምተኛ ነው፣ እጁ ግን ወርቅ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ባለ 360ዋን፣ አነስ ያለ ሞተር ያላትን፣ ሊነዳ ተነጋግረው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1998 መስከረም ላይ የዓመቱ ውድድር አለቀ። ሽማግሌው ቁልፉን ለሁለታችን ሰጠንና «አርብ ማታ እጠቧት» አለን። ማጠብ ሲባል ጭቃውን ማለት አይደለም። ሜታኖሉን ነው። እነዚህ መኪናዎች በቤንዚን አይነዱም፣ ሜታኖል የሚባል አልኮል ነው የሚጠጡት። ሜታኖል እርጥበት ይስባል። አሉሚኒየም ውስጥ ተኝቶ ከከረመ ደግሞ ብረቱን ይበላዋል። ስለዚህ ታንኩ ይራገፋል፣ ፖምፓውና መስመሩ በቤንዚንና በዘይት ይታጠባል፣ ነዳጁን የሚረጩት ስምንቱ ኖዝሎች ተፈትተው ይጸዳሉ፣ የሞተሩ ዘይት ይቀየራል። ሁለት ሰዓት አይፈጅም።

ልጁ ታንኩን አራገፈ። ጎማዎቹን ፈታ። ከዚያ ሰዓቱን ማየት አበዛ፣ የትምህርት ቤቱ የፉትቦል ጨዋታ ያን ማታ ነው። «ሂድ፣ ቀሪውን እኔ እጨርሰዋለሁ» አልኩት። ያልኩት እኔ ነኝ። እባካችሁ ይቺን ቃል ያዙልኝ።

የፖምፓውን የመጀመሪያ ብሎን ሳላላ ውጭ ክላክስ ጮኸ። ጓደኞቼ ናቸው። ለደመራ ሚኒያፖሊስ ልንሄድ ተቀጣጥረን ነበር፣ የአራት ሰዓት መንገድ ነው። ያኔ እኛ ጋ ቤተ ክርስቲያን አልነበረንም፣ ደመራ ካየሁ አራት ዓመት አልፎኛል። «ሰኞ እመለስበታለሁ» ብዬ ብሎኑን መልሼ አጠበቅሁ። ሞተሩ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አደረግሁና ወጣሁ። ደመራው ያማረ ነበር። ነጠላ ለብሼ አለቀስኩ።

ሰኞ ኦቨርታይም መጣ። ማክሰኞም እንደዚያው። ከዚያ ብርዱ ገባ፣ ሽማግሌውም ለሥራ ነብራስካ ሄዶ ከረመ። እውነቱን ለመናገር አልረሳሁትም። ኅዳር ላይ ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ «እንዲህ ያለ ብርድ ውስጥ ምን ይሆናል» ብዬ ተመልሻለሁ። በዚያ ዓመት ሞተሩ አይከፈትም ተብሎ ነበር፣ ገንዘብ አጥሮ። ጨርቁ ደግሞ ንጹሕ ነው። ያየው ሁሉ ሥራው ያለቀ መሰለው።

ሚያዝያ ላይ ለሙከራ አወጣናት። ፒክአፑ ገፋት። ሳለች፣ ከዚያ ተነሳች። ድምፅዋ ውስጥ አንድ ነገር ይጎድል ነበር። ስምንት ሰው ከሚዘምርበት መዘምራን አንዱ አፉን ዘግቶ እንደማለት ነው። ሰማሁት። ሦስተኛው ዙር ላይ ጭስ ለቀቀች።

ማታ ሞተሩን ከፈትነው። አንዱ ፒስተን አናቱ ላይ አውራ ጣቴን የሚያህል ቀዳዳ አለው። ኖዝሉን ሽማግሌው ፈትቶ መብራቱ ላይ አነሳው። የመርፌ ቀዳዳ የሚያህለው ቀዳዳው በነጭ ነገር ተደፍኗል፣ እንደ ደረቀ ጨው። ነዳጅ ሲያንሰው ሲሊንደሩ ይግላል፣ ሲግል ፒስተኑን ያቀልጠዋል። ፖምፓው ውስጥም ያው ነጭ ነገር ነው።

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ።

«አንተ ነህ ያጠብካት?»

ልጁ አባቱን አላየም። እኔን አየኝ። ስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም። እኔ በእጄ የያዝኩትን ባለ አሥራ ሦስት ቁልፍ እያየሁ ነበር። ቀና አላልኩም።

አባትየው ተናገረው። ስለ ኳስ፣ ስለ ሴት ልጅ፣ ስለ ስንፍና። እዚያ ቆመው ከነበሩት ሌሎች ሁለት ሰዎች ፊት። ልጁ «ታንኩን አራገፍኩ» አለ፣ ሌላ አንድም ነገር አልጨመረም። ጓንቶቹን አንድ በአንድ አወለቀ። ትልቁ የቀኝ ጎማ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸውና ወጣ። ያን ዓመት ተመልሶ ጋራዥ አልገባም። ባለ 360ዋ ተሸጠች፣ ለጥገናው። መኪናዋ እስከ ሰኔ አልሮጠችም። ልጁ ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ፋርጎ ሄደ።

ለምን ዝም አልኩ? ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጥቼዋለሁ። እንግሊዝኛዬ አይመችም፣ ብቸኛው ሐበሻ ነኝ፣ «ሐበሻ ሥራ አይችልም» ይላሉ፣ ነገ እነግረዋለሁ። ይሉኝታ ነው ብዬም አውቃለሁ። ይሉኝታ አልነበረም። ፈርቼ ነው። ሽማግሌው አባርሮኝ እሁድ ማታዬን እንዳያሳጣኝ ፈርቼ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ የእኔን ጥፋት ተሸክሞ ሲወጣ፣ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ቁልፍ ይዤ ቆሜ ነበር።

ሽማግሌው ከዓመታት በኋላ አረፈ። ቀብሩ ላይ ከልጁ ጋር ተጨባበጥን። «አባቴ ይወድህ ነበር» አለኝ። እዚያም ዝም አልኩ።

እንግዲህ ልጄ፣ ጋራዥ ውስጥ ምን እንሠራለን ላልከኝ መልሱ ይሄ ነው። ሻንሲው ራቁቱን ቀርቶ እያንዳንዱ ብየዳ ስንጥቅ ይኑረው አይኑረው በመብራት ይታያል። ኩሽኔታዎች ይቀየራሉ፣ ሞተሩ ወደ ባለሙያው ይላካል፣ መስመሩ ይታጠባል። ማንም አያጨበጭብልህም። ማንም አያይህም። እንደ ደመራው ማታ።

የዘንድሮ ልጆች አንድ ነገራችሁ ያስቸግረኛል። ስካነር ትሰካላችሁ፣ ኮዱን ታነባላችሁ፣ ዕቃውን ትቀይራላችሁ፣ አለቀ። ጆሯችሁን አትጠቀሙም። ስልክ ጆሮ ላይ ተሰክቶ የሞተር ድምፅ እንዴት ይሰማል? ደግሞ ትንሽ ስትሳሳቱ ጣት መቀሰር ታበዛላችሁ፣ «ያለፈው ሺፍት ነው» ትላላችሁ። ይሄን የምለው እኔ መሆኔ ይከብደኛል፣ ግን እውነት ነው። በሌላ በኩል ጋራዣችን ያለው አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አለ፣ ባለፈው ወር የደንበኛ ሞተር ዘይት ሳይሞላ አስነሳ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ራሱ አለቃው ቢሮ ገብቶ ተናገረ። ያን ቀን ደሞዙን ብጨምርለት ደስ ባለኝ። ስለዚህ ስለ ዘመናችሁ የተናገርኩትን ግማሹን አንሱልኝ።

ከዚህ ሁሉ ወዲያ፣ ሰሞኑን ወሬው ጥሩ ነው። ቱልሳ በአዳራሽ ውስጥ በየዓመቱ ጥር ላይ የሚካሄደው ቺሊ ቦውል የሚባለው ውድድር አልቋል። በትንንሾቹ ሚጄት መኪናዎች ነው፣ ግን የስፕሪንት ሹፌሮችም ብርዱን የሚረሱት እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ዓይኑ የሚመጣው የውድድር ዘመን ፕሮግራም ላይ ነው። ከ1978 ጀምሮ ያለው የስፕሪንት መኪና ተከታታይ ውድድር፣ ወርልድ ኦፍ አውትሎውስ፣ አለ። ሹፌሮቹ ካይል ላርሰንና ብራድ ስዊት ያቋቋሙት ሌላው ተከታታይ ውድድር ሃይ ሊሚት ደግሞ ከ2024 ወዲህ ሀገር አቀፍ ሆኗል። ትልልቆቹ ሹፌሮች ለሁለት ተከፈሉ ብለው የሚያዝኑ አሉ። እኔ ስለ ትልልቆቹ ብዙም አልጨነቅም። የእኔ ጭንቀት ከ1954 ጀምሮ ያለው ሁሴትስ ነው። ለጥቂት ዓመታት ጨልሞ ነበር። በዚያ ጊዜ እሁድ ማታ በሜዳው አጠገብ አልፌ መብራቶቹ ጠፍተው ሳይ፣ ቤተሰብ የለቀቀው ቤት ይመስለኝ ነበር። በ2020 እንደገና ሲከፈት የአፈሩ ሽታ ፓርኪንጉ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። አሁን ተስፋዬ በየሳምንቱ የሚመጡት የአካባቢው መኪናዎች እንዳያንሱ ነው። አዲስ ሞተር በአሥር ሺዎች ዶላር ነው የሚሸጠው። ጋራዡን የሚሞሉት በነጻ የሚመጡ እጆች ናቸው፣ እነሱም እያረጁ ነው። ለአንዳንዶቻችሁ «ሥራችሁን ትታችሁ ሜዳ አትክረሙ» ብዬ አውቃለሁ። ልክ አልነበርኩም። በሕይወቴ ከኖርኳቸው ማታዎች ምርጦቹ እዚያ ያለፉት ናቸው።

ሌላም ወሬ አለ። ዕቃ የምገዛበት ሱቅ ያለው ሰውዬ ባለፈው ሳምንት ነገረኝ። ያ ልጅ ከፋርጎ ተመልሷል፣ አሁን አርባ ምናምን ዓመቱ ነው። የአባቱን ጋራዥ ከፍቶታል። አንዲት ያገለገለች ባለ 360 ገዝቷል፣ ለአሥራ አምስት ዓመት ሴት ልጁ። ግንቦት ላይ ልትነዳት ነው። ሰውዬው «የነዳጅ መስመሩን የሚያይለት ሰው እየፈለገ ነው» አለኝ።

ስልኩን ሰጥቶኛል። በስልክ ግን አልነግረውም። ይሄ ነገር ፊት ለፊት የሚነገር ነው፣ ልጅቷም ብትሰማ እወዳለሁ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እሄዳለሁ። አንተም ጋራዥ ውስጥ ምን እንደሚሠራ በዓይንህ ማየት ከፈለግህ አዳራሹ በር ላይ ጠብቀኝ። መጀመሪያ እኔ ብቻዬን እገባለሁ፣ አንተ መኪና ውስጥ ትንሽ ትቆያለህ። ከዚያ ካስገቡን ኖዝሎቹን አብረን እንፈታለን። ወፍራም ካልሲ አድርግ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ጓንትም ያዝ።