ዋልካ፣ ውሃና መሠረት፦ ከባሕር ዳር ቤት ሠሪዎች ለአፈር መሐንዲስ የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ በመጋቢት መሠረት ስናስቆፍር ዋልካው ለዶማ እንኳ አልበገር ብሎን ነበር፤ በሐምሌ ግን እዚያው ቦታ ላይ እግር ይውጣል። አንዱ አፈር ሁለት ጠባይ ያመጣው ከምን የተነሣ ነው?

መልስ፦ የተለወጠው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ውሃ ነው። ውሃ ባልጠገበ አፈር ውስጥ ቀዳዳዎቹን አየርና ውሃ ይጋሯቸዋል፤ የቀረው ጥቂት ውሃም በቅንጣቶቹ መገናኛ ላይ ተወጥሮ ስለሚቆም እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። የአየሩ ግፊት ከውሃው ግፊት የሚበልጥበትን መጠን ሰክሽን እንለዋለን። በደረቀ ዋልካ ይህ ልዩነት ከ1000 ኪሎፓስካል ሊያልፍ ይችላል፤ ዶማውን የመለሰባችሁ እሱ ነው። ክረምት ገብቶ ቀዳዳዎቹ ሲሞሉ ውጥረቱ ይላላል፣ ጥንካሬውም አብሮት ይሄዳል።

ጥያቄ፦ እንግዲያው በበጋ የተወሰደ ናሙና ለንድፍ አይሆንም ማለት ነው?

መልስ፦ ውሃ ጠግቦ ከተፈተነ ይሆናል። የአፈር መሐንዲሱ ቢሾፕ በ1959 ጭነቱንና ሰክሽኑን በአንድ ቀመር ሊያጠቃልላቸው ሞክሮ ነበር፤ ቀመሩ ስለ ጥንካሬ ጥሩ ቢናገርም፣ ጭነት ሳይጨመርበት ስለራሰ ብቻ የሚሟሽሸውን አፈር ማስረዳት ተሳነው። በዚህም ምክንያት ሌሎች የሙያው ተመራማሪዎች፣ ፍሬድሉንድና ሞርገንስተርን፣ በ1977 ሁለቱ ለየብቻ እንዲያዙ አሳዩ። እኔ ግን ለተራ መኖሪያ ቤት የአፈሩን አቅም ሳሰላ ሰክሽኑን ከነአካቴው እተወዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰክሽኑን እዚያው ቦታው ላይ መለካት ይቻላል?

መልስ፦ ቴንሲዮሜትር የሚባል የሰክሽን መለኪያ አለ፤ ነገር ግን የተለመደው ዓይነት ከከባቢ አየር ግፊት በላይ ሊለካ አይችልም። ጣና ዳር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን ግፊቱ 80 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። ለበጋ ዋልካ ይህ ኢምንት ስለሆነ የማጣሪያ ወረቀት ዘዴን እመርጣለሁ፤ ይኸውም ወረቀቱን ከአፈር ናሙና ጋር አሽጎ በሳበው እርጥበት ሰክሽኑን ማወቅ ነው።

ጥያቄ፦ የቤቴ ማዕዘን ተሰነጠቀ። መሠረቱ ሰምጦ ነው ወይስ ተነሥቶ?

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ከወለሉ መሐል በታች ያለው እርጥበት ብዙም አይለዋወጥም፤ የዳሩ አፈር ግን በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ስንጥቁ በግንቦት የሚሰፋና በነሐሴ የሚጠብ ከሆነ፣ የዳሩን መኮማተር እጠረጥራለሁ። አጠገቡ ባሕር ዛፍ ካለማ ጥርጣሬዬ ይብሳል።

ጥያቄ፦ ዋልካውን አውጥተን በሰሌክት፣ ማለትም ከሌላ ቦታ በሚመጣ የተመረጠ የመሙያ አፈር፣ ብንሞላስ?

መልስ፦ ደግ ነው፤ ሆኖም በደረቁ ተደፍቶ በቅጡ ያልተጠቀጠቀ ሙሌት በመጀመሪያው ዝናብ ይሰምጣል። ከዚህም ሌላ፣ ውሃ የሚያሳልፍ ሙሌት ውሃ በማያሳልፍ ዋልካ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀመጥ እንደ ገንዳ ያቁርና ዙሪያውን ያለውን አፈር ከሥር ያጠጣዋል። ስለዚህ ሙሌቱን ከማስመጣትዎ በፊት ውሃው በየት በኩል እንደሚወጣ ይወስኑ።