መልስ፦ ከደብረ ብርሃን ሸዋሮቢት፣ ሚኒባስ ውስጥ እያደሩ
ወንድሜ፣ አልጋ በተገጠመለት ሚኒባስ በ2 ቀን ቀስ ብለን ብንወርድ ፍሬኑ ይችላል ወይ ላልከው፦ ይችላል፣ አነዳድህን ካወቅክበት። ጣርማበር ላይ፣ ጣሊያን የሠራው ዋሻ ጋ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነህ፤ ሸዋሮቢት 1,300 ገደማ ነው። ቁልቁለቱን በምትወጣበት ማርሽ ውረደው፣ አብዛኛውን በሁለተኛ። ማርሹን ዋሻው ሳያልቅ ቀንስ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ያዝና ልቀቀው እንጂ እግርህን አታሳርፍበት፤ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ የፍሬኑ ዘይት ከፈላ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ጥግ ይዘህ ጎማው ሥር ታኮ አድርግና ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። ውሃ እንዳታፈስበት፣ ዲስኩ ይሰነጠቃል። ጉም ውስጥ አጭር መብራት ብቻ፤ ረጅሙ ነጭ ግድግዳ ነው የሚሆንብህ። ማደሪያህ ደብረ ሲና ይሁን፣ ከላይ ብርዱ አያስተኛም። ቆሎውንም እዚያው ግዛ።