የባልትናን ትምህርት ከሳይንስና ከምህንድስና ጋር ስለማገናኘት (መልስ)

መምህርት ሆይ፣ በጎንደር ትምህርት ቤትዎ የባልትናን ክፍለ ጊዜ ከሳይንስና ከምህንድስና ጋር ማገናኘት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። በሚገባ ይቻላል፤ ከባልትና ትምህርት ዘርፍ መሥራቾች አንዷ የሆነችው ኤለን ስዋሎ ሪቻርድስ ራሷ በ1873 እ.ኤ.አ. ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተመረቀች የኬሚስትሪ ባለሙያ ነበረች።

እኔ የምመክረው ከከተማችን ከፍታ እንዲጀምሩ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝና የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ሽምብራና ባቄላ በተራ ድስት ሲቀቀሉ የሚዘገዩት፣ እንፋሎቱን አፍኖ የውሃውን ሙቀት ከፍ በሚያደርግ ድስት ግን ፈጥነው የሚበስሉት በዚህ ምክንያት መሆኑን ተማሪዎች በቴርሞሜትርና በሰዓት ለክተው ራሳቸው ሊደርሱበት ይችላሉ። (የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ግን ምግብ አጠገብ ፈጽሞ አይቅረብ።)

የሊጥ ቡኮም ለባዮሎጂ መምህሩ የተዘጋጀ ቤተ ሙከራ ነው፤ አንዱን ሊጥ ከፍለው በሙቅና በቀዝቃዛ ቦታ ቢያስቀምጡ የእርሾው ሥራ ልዩነት በግልጽ ይታያል።

ለምህንድስናው የኤሌክትሪክ ምጣድን ይምረጡ። ሌሎች የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን አጥፍተው፣ ለተወሰነ እንጀራ የዋለውን ኃይል ከቆጣሪው ያንብቡ፤ ከዚያም ሙቀት በየት በኩል እንደሚባክን አጥንተው የተሻለ ክዳን ወይም የሙቀት መከላከያ እንዲነድፉ ያድርጉ። ሥራውን የፊዚክስና የባልትና መምህራን በጋራ ቢያርሙት እመርጣለሁ።