ጄኔራል አማን የሞቱት የት ነው?

ጥያቄ፦ አባቴ ሌተናል ጄኔራል አማን አንዶም ከባለሥልጣናቱ ጋር በእስር ቤት ተረሸኑ ይላል። አጎቴ ደግሞ በቤታቸው ሲታኮሱ ነው የሞቱት ብሎ ይከራከረዋል። ማን ነው ትክክል? ሊቀመንበር የነበሩትን ሰው ደርግ እንዴት ገደላቸው?

መልስ፦ ትክክሉ አጎትዎ ናቸው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሊይዟቸው የተላኩ ወታደሮች በታንክ ታግዘው አዲስ አበባ የሚገኘውን ቤታቸውን ሲከቡ፣ ጄኔራሉ እጃቸውን አልሰጡም፤ በተኩሱ መካከል እዚያው ሞቱ። በዚያው ሌሊት የቀድሞዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን የሚገኙባቸው እስረኞች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። የጄኔራሉም ስም ከእነዚሁ ሟቾች ጋር አብሮ ስለተነገረ፣ የአባትዎ መረጃ ከዚያ የመነጨ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። አማን በኮሪያ ዘመቻ የተካፈሉ፣ በ1956 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው የድንበር ውጊያ የ3ኛ ክፍለ ጦር አዛዥ ሆነው «የበረሃው አንበሳ» የሚል ስም ያተረፉ መኮንን ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ብዙም ሳይቆዩ ከጦሩ አንሥተው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል አደረጓቸው፤ ለእንዲህ ያለ ወታደር ይህ ሹመት መባሉ ያሳዝነኛል። በ1966 ዓ.ም. የተሰበሰቡት የደርግ አባላት ማዕረጋቸው ከሻለቃ የማይበልጥ ስለነበረ፣ ጦሩም ሕዝቡም የሚያከብረው ጄኔራል አስፈለጋቸው። ስለዚህ አማን ኤታማዦር ሹም፣ ቀጥሎም የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ሲወርዱም ሊቀመንበርነቱ ተሰጣቸው። ይሁን እንጂ ከየጦር ክፍሉ ተመርጠው ከመጡት ከ100 በላይ የደርግ አባላት አንዱ አልነበሩም። ስማቸው ተፈለገ እንጂ የመወሰን ሥልጣን በእጃቸው አልገባም።

ጠቡ የከረረው በኤርትራ ጉዳይ ነው። ከኤርትራውያን ወላጆች የተወለዱት አማን ወደዚያው ሄደው ሕዝቡን አነጋግረው ስለነበር፣ ሰላማዊ መፍትሔ እንዲፈለግ አጥብቀው ጠየቁ፤ እነ ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግን 5,000 ተጨማሪ ጦር ይላክ አሉ። አማን የታሰሩት ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ይገደሉ የሚለውንም ሐሳብ ተቃወሙ። ሐሳባቸው ተቀባይነት ሲያጣ ሥራቸውን ትተው ቤታቸው ተቀመጡ። በእኔ አስተያየት ሞታቸውን ያፋጠነው ይኸው ነው፤ በጦሩ ዘንድ የነበራቸው ክብር ከሥልጣኑ ጋር አብሮ ስላልወረደ፣ ቤታቸው የተቀመጡት አማን ወንበሩ ላይ ከነበሩት ይልቅ ለደርግ ያስፈሩ ነበር።