የዕቃ ቤቴን ወለል ለማን ልስጥ?

ጥያቄ፦ ከቤቴ ጀርባ 4 በ5 ሜትር የሆነች፣ ወለሏ አፈር የሆነ ዕቃ ቤት አለችኝ። ኮንክሪት ለማስሞላት ሁለት ሥራ ተቋራጮች አነጋገርሁ። አንዱ በርካሽ ዋጋ ሞልቶ በማግሥቱ ዕቃ ማስገባት እንደምችል ነገረኝ። ሌላው ግን ሳምንት ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ አላስረክብም ይላል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለተኛውን ይመኑ። ኮንክሪት የሚጠነክረው ስለደረቀ ሳይሆን ሲሚንቶው ከውኃ ጋር ስለሚዋሃድ ነው። ቢያንስ 7 ቀን እርጥበት አይለየው። ከባድ ዕቃ ለማስገባት ደግሞ 28 ቀን ቢታገሡ እመርጣለሁ።

በውሉ ላይ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ይጻፍ፤ ለእርስዎ ቤት 2 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ማለት ነው። ከሥሩ ያለው ጠጠር በደንብ ይጠቅጠቅ፣ ላዩ ላይ ፕላስቲክ ይነጠፍ። ከመሞላቱ በፊት በወለሉ ከፍታ ልክ ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ ወጥረው፣ አምስት ስድስት ቦታ ላይ እስከ ፕላስቲኩ ያለውን ጥልቀት በሜትር ይለኩ። አንዱ ጥግ 6 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከተገኘ ሥራው አይጀመር።

ከሁሉ በላይ የውኃውን ባልዲ ይጠብቁ! እኔ የራሴን ጓዳ ሳስሞላ ሠራተኞቹ ለመግፋት እንዲቀላቸው ውኃ ሲጨምሩ ዝም አልሁ። ዛሬም በጠረግሁት ቁጥር ግራጫ ብናኝ ይነሣል፤ በምስማር ሲጫር ይፈረፈራል።

የመጨረሻውን ክፍያ ከሰባቱ ቀን በፊት አይልቀቁ።